በነፋስና በእሳት መካከል

በጄት ሞተር ውስጥ አየር ስለሚዘገይበት ስፍራ በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር



ጧፍ ለኵሶ ደጅ የሚወጣ ሰው መዳፉን አጥፎ ነበልባሉን እንደሚከልል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፋኖስም ያለ ብርጭቆው ከቤት አይወጣም። ነገር ግን ወደ አንጥረኛው ቤት ጎራ ብንል፥ በዚያ ደግሞ ወናፉ ያለ ዕረፍት ሲነፋና ከሰሉ በነፋሱ ኀይል ሲፋፋም እናያለን። እንግዲህ ነፋስ ለእሳት ጠላቱ ነው ወይስ ወዳጁ? ብለን ብንጠይቅ፥ መልሱ የሚገኘው በነፋሱ ፍጥነትና በአመጣጡ ነው። በልክ የሚደርስለት ነፋስ እሳትን ይመግበዋል፤ በአንድ ጊዜ የሚወረወርበት ነፋስ ግን ነበልባሉን ከነዳጁ ነጥሎ ይወስደዋል።

ዛሬ ልናገርለት ያሰብሁት ይህንኑ ጥንታዊ ጉዳይ የሚመለከት ነው፤ ነገር ግን ስፍራው የአንጥረኛ ቤት ሳይሆን፥ ከራሳችን በላይ የሚያልፈው የጄት አይሮፕላን ሞተር ነው። በዚህ ንግግር የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

የጄት ሞተር አሠራር በጥቅሉ ሲነገር ከባድ አይደለም። ከፊት የሚገባው አየር ኮምፕሬሰር በሚባለው ማመቂያ ውስጥ ያልፋል። ኮምፕሬሰሩ ብዙ ረድፍ ምላጮች የተተከሉበት ተሽከርካሪ ሲሆን፥ አየሩን ረድፍ በረድፍ እየጨመቀ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የታመቀው አየር ወደ ማቃጠያው ክፍል ይገባል፤ በዚያም ከላምባ ጋር ቤተ ዘመድ የሆነ ነዳጅ ይረጭበትና ይነዳል። የጋለው ጋዝ ወደ ኋላ ሲወጣ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑም በዘንግ የተያያዘውን ኮምፕሬሰር ያዞራል፤ የተረፈው ኀይል፥ በቀጥታም ሆነ ከፊት ያለውን ትልቅ ማራገቢያ በማዞር፥ አይሮፕላኑን ወደ ፊት ይገፋል። ስለ ሞተር የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት እነዚህን ሦስቱን ነው። በኮምፕሬሰሩና በማቃጠያው ክፍል መካከል ያለው፥ የማይሽከረከረው፥ ነበልባልም የማይታይበት፥ እየሰፋ የሚሄደው አጭር መተላለፊያ ግን ስሙ እምብዛም አይነሣም። መሐንዲሶች ዲፊዩዘር ይሉታል። ሥራውም አየርን ማዘግየት ነው።

በሰማይ ላይ ለፍጥነት ተብሎ በተሠራ መሣሪያ ውስጥ፥ ለማዘግየት ብቻ የተመደበ ክፍል መኖሩ ሊያስገርማችሁ ይችላል። ነገሩን በቍጥር እንመልከተው። ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው አየር በሰከንድ 150 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ይህም በሰዓት 540 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ነዳጁ ከአየር ጋር በተገቢው መጠን ሲቀላቀል ነበልባሉ በውሁዱ ውስጥ ሊራመድ የሚችለው ግን በሰከንድ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ወንዝ ወደ ታች በሰከንድ 150 ሜትር እየወረደ፥ ዋናተኛው ሽቅብ በሰከንድ ሁለትና ሦስት ሜትር ቢዋኝ የት ይደርሳል? ነበልባሉም እንዲሁ ገና ከመወለዱ በጭስ ማውጫው በኩል ተጠርጎ ይወጣል። ስለዚህ አየሩ ወደ ማቃጠያው ክፍል ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 25 ሜትር ወደሚሆን ልክ መውረድ አለበት። ይህም ቢሆን ለነበልባሉ ገና ብዙ ነው፤ በመሆኑም በክፍሉ ራስ ላይ አየሩን የሚያሽከረክሩ ትንንሽ ክንፎች ተተክለው አዙሪት ይፈጥራሉ፤ ነበልባሉም በዚያ አዙሪት እምብርት ውስጥ፥ ድንጋይ ተጠግቶ እንዳረፈ ዓሣ፥ ተጠልሎ ይኖራል።

ሁለተኛም ምክንያት አለ፤ ይኸኛው ደግሞ ከኪሳራ ጋር የተያያዘ ነው። በፍጥነት የሚሮጥ አየር በሩጫ ላይ ሳለ ቢሞቅ ግፊቱን ያጣል። በሰከንድ 150 ሜትር በሚሮጥ አየር ውስጥ እሳቱን ማንደድ ቢቻል እንኳ፥ ኮምፕሬሰሩ በብዙ ድካም ካከማቸው ግፊት እስከ ሩብ የሚደርሰው በከንቱ በጠፋ ነበር። አራት ኩንታል እህል አስፈጭቶ አንዱን ኩንታል በመንገድ ላይ እንደ ማፍሰስ ያህል ነው።

ታዲያ ማዘግየት ሲባል እንደ መኪና ፍሬን በመፋተግ አይደለም። ፍሬን የሩጫውን ኀይል ወደ ሙቀት ለውጦ ያባክነዋል። ዲፊዩዘሩ ግን የሩጫውን ኀይል ወደ ግፊት መልሶ ያስቀምጠዋል። ዳንኤል በርኑሊ በ1738 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፥ ፈሳሽ ነገር በጠባብ ስፍራ ሲያልፍ ይፈጥናል፥ ግፊቱም ይቀንሳል፤ ሰፊ ስፍራ ሲያገኝ ይዘገያል፥ ግፊቱም ይጨምራል። የዐባይን ውሃ በጠባብ ዐለት መካከል ሲያልፍና ከዚያም ሜዳ ሲያገኝ የተመለከተ ሰው የፍጥነቱን ነገር በዓይኑ አይቶታል፤ የግፊቱ ነገር ግን በመሣሪያ ካልሆነ በዓይን አይታይም።

በዚህ ላይ አንድ ሂሳብ ብናደርግ አይከፋም። አየሩ ከኮምፕሬሰሩ ሲወጣ በባሕር ጠረፍ ካለው ግፊት 30 እጥፍ ያህል ታምቆ፥ ሙቀቱም 527 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሷል እንበል። ያን ጊዜ አንድ ሜትር ኩብ አየር 13 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ይህ አየር በሰከንድ 150 ሜትር ሲሮጥ በሩጫው ውስጥ የተሸሸገው ግፊት ከጠቅላላው ከመቶ 5 እጅ ያህል ይሆናል። አምስት እጅ ትንሽ ነው የሚል ቢኖር፥ ከኮምፕሬሰሩ መውጫ እስከ ተርባይኑ መግቢያ ድረስ ለጠቅላላ ኪሳራ የሚፈቀደው ከመቶ ከ4 እስከ 6 እጅ መሆኑን ልብ ይበል። ዲፊዩዘሩ ሥራውን በሚገባ ካልሠራ እሱ ብቻውን በጀቱን ሁሉ ይበላዋል ማለት ነው። አይሮፕላን በቀን ብዙ ሰዓት፥ በዓመት ብዙ ሺህ ሰዓት ይበርራልና፥ ከመቶ አንዲት እጅ እንኳ በነዳጅ ሂሳብ ላይ ቀላል አይደለችም።

ጄት ሞተርን የፈጠሩት ሰዎች ይህን ሁሉ በመከራ ነው የተማሩት። እንግሊዛዊው የአየር ኀይል መኰንን ፍራንክ ዊትል በጥር 1930 ለፈጠራው መብት አመለከተ። በ1936 ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ሲጀመር፥ ከሁሉ ያስቸገረው የማቃጠሉ ጉዳይ ነበር። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ትርዒት ላይ ማቃጠያ የሚሠሩትን ድርጅቶች እየዞረ ቢጠይቅ፥ የሚፈልገው እሳት እስከዚያ ዘመን ከታወቀው ሁሉ እጅግ የበለጠ በጠባብ ስፍራ የታመቀ በመሆኑ አብዛኞቹ አይቻልም አሉት። በመጨረሻ የኤዲንበርጉ ሌይድሎ ድሩ ኩባንያ እንሞክረው አለው። ሚያዝያ 12 ቀን 1937 ራግቢ በተባለው ከተማ ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ፥ ዊትል የነዳጁን በር ቢዘጋውም ፍጥነቱ በራሱ እየጨመረ ሄደ፤ በአጠገቡ የነበሩትም ሰዎች ሸሹ። በኋላ ሲመረመር በማቃጠያው ወለል ላይ ያፈሰሰ ነዳጅ ተጠራቅሞ መገኘቱ ታወቀ።

የዊትል ኮምፕሬሰር አየሩን ከመካከል ተቀብሎ ወደ ዙሪያው የሚወረውር ዓይነት ነበር። በዚህ ዓይነቱ ኮምፕሬሰር አየሩ ከተሽከርካሪው ጠርዝ የሚወጣው እጅግ በከፍተኛ ፍጥነት ነው፤ ከጠቅላላው ግፊትም ግማሽ ያህሉ የሚገኘው በተሽከርካሪው ውስጥ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ዲፊዩዘር ውስጥ ነው። ስለዚህ ለእሱ ዲፊዩዘሩ ተጨማሪ ጌጥ ሳይሆን የማሽኑ ግማሽ ነበር። በ1938 ሞተሩን እንደገና ሲሠራ አንዱን ትልቅ ማቃጠያ ትቶ አየሩን በዐሥር ትንንሽ ማቃጠያዎች ከፋፈለው፤ በ1940 ደግሞ አይዛክ ለቦክ የተባለው የሼል ኩባንያ መሐንዲስ ነዳጁን እንደ ጉም አድርጎ የሚረጭ ማቃጠያ አመጣለት። ግንቦት 15 ቀን 1941 በክራንዌል ሜዳ አይሮፕላኑ በረረ። በጀርመን አገር ሐንስ ፎን ኦሃይን የሠራው ሞተር ከዚህ ቀድሞ ነሐሴ 27 ቀን 1939 አይሮፕላን አብርሯል።

ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። አየርን ለማዘግየት መተላለፊያውን ማስፋት ነው ብለናል። እንግዲያስ በአንድ ጊዜ ለምን አናሰፋውም? የመስኖ ቦይ የቈፈረ ገበሬ መልሱን ያውቀዋል። ቦዩን በድንገት ቢያሰፋው ውሃው በመካከል ቀጥ ብሎ ይነጉዳል፤ በግራና በቀኝ ያለው ግን ወደ ኋላ እየዞረ ሽክርክሪት ይሠራል፥ ገለባና አረፋም በዚያ ይከማቻል። ቦዩ ሰፋ እንጂ ውሃው አልሰፋም። በአየርም ዘንድ የሚሆነው ይኸው ነው።

ምክንያቱን በሚገባ ያስረዳው ጀርመናዊው ሊቅ ሉድቪግ ፕራንትል ነው፤ በ1904 በሃይደልበርግ በተደረገው የሂሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ። ግድግዳውን የሚታከከው ቀጭን የአየር ሽፋን በመፋተግ ብዛት ፍጥነቱን ያጣል። በዲፊዩዘር ውስጥ ደግሞ ግፊቱ ወደ ፊት እየጨመረ ስለሚሄድ አየሩ ሁሉ ዳገት እንደሚወጣ መንገደኛ ነው። በመካከል ያለው ብርቱ አየር ዳገቱን ይወጣዋል። በግድግዳው ጥግ ያለው የደከመ አየር ግን ከዳገቱ መካከል ይቆማል፤ ከቆመም በኋላ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ የቀረውንም አየር ከግድግዳው ያላቅቀዋል። ከዚህ በኋላ ሩጫው ወደ ግፊት መለወጡ ቀርቶ ወደ አዙሪትና ወደ ከንቱ ሙቀት ይለወጣል።

ስለዚህ ዳገቱ ለዘብ ያለ መሆን አለበት። እንግሊዛዊው ጊብሰን በ1910 ባሳተመው ጥናት፥ ክብ ሆኖ እየሰፋ በሚሄድ ቧንቧ ውስጥ ለውሃ ኪሳራው ከሁሉ የሚያንሰው ሁለቱ ጎኖች በመካከላቸው 6 ዲግሪ ገደማ ሲከፈቱ መሆኑን አሳይቷል። ስድስት ዲግሪ ማለት በዓይን ሲታይ ገርበብ ለማለት እንኳ ያልበቃ በር ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት ደግሞ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስቲቨን ክላይንና ባልደረቦቹ ውሃ በሚፈስበት ገበታ ላይ ቀለም እየጨመሩ የዲፊዩዘርን ጠባይ በዓይን አዩት። ማዕዘኑ ጠባብ ሲሆን ውሃው ግድግዳውን ሳይለቅ በጸጥታ ያልፋል። ትንሽ ሲሰፋ አንድ ጊዜ ይላቀቃል፥ ሌላ ጊዜ ይመለሳል፤ ግፊቱም ይዋዥቃል። ከዚያም ሲበልጥ አንዱን ግድግዳ ፈጽሞ ትቶ ሌላውን ተጣብቆ ይሄዳል። እጅግ ሲሰፋ ሁለቱንም ትቶ በመካከል እንደ ጦር ይወረወራል።

ከዚህ ጥናት ውስጥ አንዱ ነገር እኔን ዘወትር ያስደንቀኛል። ከዲፊዩዘር ከፍተኛው ግፊት የሚገኘው ጸጥታው በተጠበቀበት በመካከለኛው ስፍራ ሳይሆን፥ መዋዠቁ ሊጀምር በተቃረበበት ደፍ ላይ ነው። ስስታም መሐንዲስ የመጨረሻዋን ፍርፋሪ ለመልቀም ወደዚያ ደፍ ይጠጋል፤ ነገር ግን አንዲት ትንሽ ለውጥ፥ ለምሳሌ የምላጮቹ ጫፍ በአሸዋ መበላት፥ ከደፉ ወዲያ ልትጥለው ትችላለች። መዋዠቁም በዲፊዩዘሩ ውስጥ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ፊት ተመልሶ ኮምፕሬሰሩን ሊያናጋው፥ ወደ ኋላም ሄዶ ነበልባሉን ሊያወዛውዘው ይችላል።

እሺ፥ ለዘብ ያለ ማዕዘን እንያዝ ብንል ደግሞ ርዝመቱ ይመጣል። የኮምፕሬሰሩ መውጫ ቀለበት ከፍታ 5 ሣንቲ ሜትር ነው እንበል። ፍጥነቱን ከ150 ወደ 25 ለማውረድ መተላለፊያው ስድስት እጥፍ መስፋት፥ ማለት 30 ሣንቲ ሜትር መሆን አለበት። በ7 ዲግሪ ማዕዘን ይህን ለማድረግ ሁለት ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል! በሁለት ሜትር መተላለፊያ ኮምፕሬሰሩን ከተርባይኑ ጋር የሚያገናኘው ዘንግም በዚያው ልክ ይረዝማል፤ የረዘመ ዘንግ በደቂቃ በሺህ የሚቈጠር ዙር ሲዞር ይንቀጠቀጣል፤ እንዳይንቀጠቀጥ ቢደነድን ይከብዳል። አይሮፕላኑም ከመንገደኛ ይልቅ ብረት ተሸክሞ ይበርራል። እንዲህ ያለውን ሞተር የሚገዛ አይገኝም።

በዚህ ጊዜ መሐንዲሶች በሁለት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ አየሩን እስከ መጨረሻው በለሰለሰ ግድግዳ እየመሩ፥ ሳይላቀቅ ቀስ በቀስ በሦስት መንገድ ከፍለው፥ አንዱን ወደ ነበልባሉ ራስ፥ ሁለቱን በማቃጠያው ውጭና ውስጥ ጎን የሚያደርሱ ናቸው። ይህ መልከ መልካም አሠራር ነው፤ ኪሳራውም ትንሽ ነው። ነገር ግን ይረዝማል፤ ይልቁንም ጠባየ ቀጭን ነው። ከኮምፕሬሰሩ የሚመጣው አየር እንደ ተነገረው ሆኖ ሲመጣ በደንብ ይሠራል፤ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ጋደል ብሎ ሲመጣ ክፍፍሉ ሁሉ ይፋለሳል።

ሁለተኛዎቹ ያመጡት ዘዴ ሲያዩት ሸካራ ይመስላል። አየሩን በአጭር ዲፊዩዘር በመጠኑ ብቻ ያዘገዩታል፤ ከዚያ በኋላ በድንገት ወደ ሰፊው ክፍል ይለቁታል። ይህንኑ መልቀቅ የማራገፍ ያህል ቈጥረው ስም አውጥተውለታል። አየሩ ሲራገፍ በግራና በቀኝ አዙሪት እንደሚፈጠር ያውቃሉ፤ ነገር ግን አዙሪቱ ሁልጊዜ በዚያው በተወሰነለት ጥግ እንዲቀመጥ አድርገው ሠርተውታል። የማይቀረውን አዙሪት ከመሸሽ ይልቅ ቤት ሰጡት።

ይህ ዘዴ የሚያስኬደው ለምን እንደ ሆነ ሂሳቡ ራሱ ይናገራል። የሩጫው ግፊት የሚለካው በፍጥነቱ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። ስለዚህ መተላለፊያውን 1.6 እጥፍ ብቻ ብናሰፋው፥ ማለት ከ5 ወደ 8 ሣንቲ ሜትር፥ ፍጥነቱ ወደ 94 ሜትር ይወርዳል፤ በሩጫው ውስጥ ከተሸሸገው ግፊት ግን ከመቶ 60 የሚሆነው ከወዲሁ ይገኛል። ርዝመቱም በዚያው በ7 ዲግሪ ማዕዘን 25 ሣንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሁለት እጥፍ ብናሰፋው ከመቶ 75 ይገኛል። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም መንገድ የሚለቅመው የቀረችውን ቃርሚያ ነው። ማራገፊያው ከቃርሚያዋ ገሚሷን ያጣል፤ በለውጡ አንድ ሜትር ተኩል የሚበልጥ ብረት ይቀራል። ከዚህም በላይ፥ ምላጮቹ ቢያረጁ፥ አይሮፕላኑ ቢነሣ ወይም ቢወርድ፥ የአየሩ አመጣጥ ቢጋደል፥ አዙሪቱ በስፍራው ስለሚቆይ ክፍፍሉ እምብዛም አይናወጥም።

እኔ ለሁለተኛዎቹ እፈርዳለሁ። በወረቀት ላይ የሚያንስ፥ በሥራ ላይ ግን የማይለዋወጥ ነገር፥ አዲስ ሳለ ብቻ ከሚያምር ነገር ይሻላል። ሞተር በፋብሪካው መሞከሪያ ላይ የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው፤ በአቧራና በዝናብ፥ በበረሃና በደጋ የሚኖረው ግን ብዙ ዓመት ነው። በዘመናችን የሚሠሩት ታላላቅ ሞተሮችም አብዛኞቹ የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው።

የአየሩ ክፍፍል ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? በቀድሞው የማቃጠያ አሠራር በነበልባሉ ራስ በኩል የሚገባው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። የቀረው በጎንና በጎን እየዞረ የማቃጠያውን ቀጭን ግድግዳ ያበርዳል፤ ከዚያም በቀዳዳዎች ገብቶ የጋለውን ጋዝ ያቀዘቅዛል። የነበልባሉ ሙቀት እስከ 2000 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ በዙሪያው ያለው ብረት ግን ይህን ሙቀት ሳይደርስበት ይቀልጣል። ብረቱን ከእሳቱ የሚለየው ቀጭን የአየር መጋረጃ ብቻ ነው። ዲፊዩዘሩን አቋርጠው የሚያልፉ የብረት ምሰሶዎች አሉ፤ የሞተሩን የውስጥ አካል የሚሸከሙ ናቸውና ልናወጣቸው አንችልም። ከእያንዳንዱ ምሰሶ በስተኋላ፥ በወንዝ ከተተከለ እንጨት በስተኋላ እንደሚታየው፥ የደከመ አየር ይከተላል። ያ የደከመ አየር የሚደርስበት የማቃጠያ ማዕዘን አየር ሲጐድለው ይግላል፤ ከዚያም የጋለው ጋዝ በተርባይኑ ምላጮች ላይ በአንድ በኩል ይለበልባል። ተርባይን ያለ ጊዜው ሲያረጅ ምክንያቱን በተርባይኑ ውስጥ ብቻ መፈለግ አይበቃም።

በዚህ ስፍራ ዙሪያ ያለው የብረት ቀፎ ደግሞ በሞተሩ ውስጥ ከሁሉ የበለጠውን ግፊት የሚሸከም ነው። በ30 እጥፍ ግፊት በእያንዳንዱ ካሬ ሣንቲ ሜትር ላይ 30 ኪሎ ግራም ያህል ይጫነዋል። ነሐሴ 22 ቀን 1985 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር አይሮፕላን ማረፊያ የደረሰውን አደጋ ማውሳት የሚገባውም በዚህ ላይ ነው። አንድ ቦይንግ 737 ለመነሣት ሲሮጥ ሳለ፥ በግራው ሞተር ውስጥ ካሉት ዘጠኝ ማቃጠያዎች አንዱ በዙሪያው ተሰንጥቆ ተለያየ። ከስፍራው የወጣው ማቃጠያ ነበልባሉን በቀፎው ላይ አሳረፈው፤ ቀፎውም በግፊቱ ፈነዳ፤ ስባሪው የክንፉን የነዳጅ ማጠራቀሚያ በሳው። 55 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹን የገደላቸው ጭሱ ነበር። ያው ማቃጠያ በ1983 ስንጥቅ ተገኝቶበት በብየዳ ተጠግኖ ነበር። በእኛም አገር ሞተር የሚፈቱና የሚገጥሙ ወጣቶች ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ ይህን ታሪክ በእጃቸው ካለው ሥራ ጋር አያይዘው ቢያነቡት መልካም ነው።

ሌላው ምሳሌ ደግ ፍጻሜ አለው። ሰኔ 24 ቀን 1982 የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747፥ 263 ሰዎች አሳፍሮ ከኳላ ሉምፑር ወደ ፐርዝ ሲጓዝ፥ በጃቫ ደሴት ካለው ከጋሉንጉንግ እሳተ ገሞራ የተነሣ ዐመድ ውስጥ በሌሊት ገባ። አራቱም ሞተሮች ተራ በተራ ጠፉ። ዐመዱ በማቃጠያው ውስጥ ቀልጦ በተርባይኑ መግቢያ ላይ ተጣብቆ ነበር። ካፒቴን ኤሪክ ሙዲና ጓደኞቹ ከ11 ሺህ ሜትር በላይ ከነበሩበት ከፍታ ያለ ሞተር እየተንሸራተቱ፥ እሳቱን መልሰው ለመለኰስ ደጋግመው ሞከሩ። ወደ 4 ሺህ ሜትር ገደማ ሲወርዱ ሞተሮቹ እንደገና ተነሡ፤ አንዱ ግን እንደገና ስላወከ ዘግተውት በሦስቱ ጃካርታ አረፉ። ሁሉም ዳኑ። የቀዘቀዘው ዐመድ ከብረቱ መላቀቁ ረድቷቸዋል፤ ከዚህም ጋር በዝቅተኛው ከፍታ አየሩ ወፍራምና ሞቃት በመሆኑ ነበልባል ለመያዝ ይመቻል። መሐንዲሶች የማቃጠያውን ስፋትና በውስጡ የሚኖረውን የአየር ፍጥነት የሚወስኑት በመልካሙ ቀን ለሚሆነው ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም በብርዱና በስስ አየር ውስጥ የጠፋ እሳት ተመልሶ እንዲነድ በማሰብ ነው።

ስለ ስስ አየር ካነሣን የራሳችንን ከተማ መዝለል አይገባም። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ ነው፤ የአየሩ ውፍረትም በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1962 መጨረሻ ቦይንግ 720ቢ የተባሉትን የመጀመሪያዎቹን ጄቶች ሲያስመጣ ቦሌ ላይ ረጅም ሜዳ መሠራቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በእነዚያ ሞተሮች ውስጥ ስምንት ማቃጠያዎች በአንድ ቀለበት ተደርድረው ነበር፤ ዲፊዩዘሩም አየሩን ለስምንቱ ማካፈል ነበረበት። በስስ አየር ጊዜ ልብ ልንለው የሚገባው፥ በዲፊዩዘሩ ውስጥ የሚያልፈው አየር ክብደቱ ይቀንሳል እንጂ ፍጥነቱ በዚያው መጠን አይቀንስም። ነበልባሉ ስንቁ ጐድሎ፥ ነፋሱ ግን እንዳለ ነው።

በአሁኑ ጊዜ ነገሩ እንደገና ተለውጧል። የከተሞችን አየር የሚበክለውን የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ለመቀነስ፥ አዳዲሶቹ ማቃጠያዎች ነዳጁን ከብዙ አየር ጋር አስቀድመው አቀላቅለው በስሱ ያነዱታል። ለቦይንግ 787 ከሚመረጡት ሁለት ዓይነት ሞተሮች አንዱ የሆነው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ጂኢኤንኤክስ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። እንዲህ ባለው አሠራር በነበልባሉ ራስ በኩል የሚያልፈው አየር አንድ አምስተኛ መሆኑ ቀርቶ ከግማሽ ብዙ የሚበልጥ ሆኗል። ለዘመናት አየሩን ወደ ጎን ሲያካፍል የኖረው ዲፊዩዘር አሁን አብዛኛውን ቀጥ አድርጎ ወደ ፊቱ ማድረስ አለበት፤ ለጎኖቹ የሚቀረው ጥቂት አየርም ግድግዳውን እንዲያበርድ ተመጥኖ መድረስ አለበት። የኮምፕሬሰሩ ግፊትም ከ40 እጥፍ ስላለፈ መውጫው ቀለበት ጠብቧል፤ ትንሽ የመገጣጠም ስሕተት ከቀድሞው የበለጠ ይቈጠራል።

ዛሬ መሐንዲሱ የአየሩን መንገድ አስቀድሞ በኮምፒዩተር ያሰላዋል፤ ከዚያም ብረት ቈርጦ ቀዝቃዛ አየር እያሳለፈበት፥ እንደ ማበጠሪያ በተደረደሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ግፊቱን በየስፍራው ይለካዋል። ከሚለካቸው ነገሮች ሁሉ አብልጦ የሚጠነቀቅላት አንዲት ርቀት አለች፤ እሷም ከአጭሩ ዲፊዩዘር አፍ እስከ ማቃጠያው ራስ ያለችው ክፍተት ናት። ክፍተቷ ስትጠብ አየሩ በድንገት ወደ ጎን ስለሚታጠፍ ኪሳራው ያድጋል፤ ስትሰፋ ደግሞ አዙሪቱ ስፍራውን መጠበቅ ያቅተዋል፥ ሞተሩም ይረዝማል። በዚህ መካከል ያለው የሚፈቀደው ልዩነት በሚሊ ሜትር የሚቈጠር ነው።